አሮጌ መስፍ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት

በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር አንዳንዱን አንባቢ ያስቀው ይሆናል። ስለ ጸሎት፥ ስለ ጾም፥ ስለ ጋብቻ የተጻፈ ብዙ አለ፤ ስለ ቀጥቃጭ መስፍ ግን ክርስቲያን ምን ይጽፋል? ዳሩ ግን የሰው ልብ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከሚገለጥ ይልቅ በገበያ መካከል ይገለጣል። ከገበያም ዕቃ ሁሉ ዋጋው ለማያውቅ ሰው እንደ አሮጌ መስፍ የተሰወረ ጥቂት ነው። የበቅሎን ዕድሜ ጥርሷን ከፍተው ያዩታል፤ ጤፉን በእጃቸው ዘግነው ይመረምሩታል፤ ቅቤውን ይቀምሱታል። መስፍ ግን ጥቁር ብረት ነው፤ የሠራበት ሰው ያውቀዋል፥ ሌላው ድንጋይ እንደሚያይ አይቶት ያልፋል። እንግዲህ ከሁለት ሰዎች አንዱ የሚያውቅ፥ ሁለተኛው የማያውቅ ሲሆን፥ በመካከላቸው እግዚአብሔር የሚወደው ዋጋ የትኛው ነው? ጥያቄያችን ይህ ነው።

መስፍ ማለት ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት አኑሮ በመዶሻ የሚመታበት ብረት ነው። በአገራችን ገጠር ያለው ብዙ ጊዜ አጭር የብረት ጕማጅ ነው፤ በግንድ ላይ ይተከላል፥ ቀጥቃጩም በአጠገቡ ተቀምጦ ይሠራል። ከውጭ አገር የመጣው ግን ፊቱ ሰፊና ለስላሳ፥ ወገቡ ቀጭን፥ አንድ ወገኑም እንደ በሬ ቀንድ የሾለ ነው። ወናፍ ቢቀደድ በሌላ ቆዳ ይሰፋል፤ ጉጠትም ቢሰበር ቀጥቃጩ ራሱ ሌላ ይሠራል። መስፉ የሄደበት ቀጥቃጭ ግን ሥራው ቆመ። በታች ጋይንት ያለው የአርብ ገበያ ሰው ሁሉ፥ የስማዳና የእስቴም ገበሬ፥ ሰኔ ሲደርስ ማረሻውን፥ ኅዳር ሲደርስ ማጭዱን ይዞ የሚሄደው ወደዚህ ብረት ነው። ከተሜውና ተማሪው ይህን ቢረሳ አይደንቅም፤ እንጀራው የሚቀርብለት ተጋግሮ ነውና።

መጽሐፍ ግን አልረሳውም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ፍልስጥኤማውያን እስራኤልን እንዴት አድርገው እንዳዋረዱአቸው ተጽፎአል፤ ቀጥቃጭ በምድራቸው እንዳይገኝ ከለከሉ፥ እስራኤላዊም ሁሉ ማረሻውንና መጥረቢያውን ሊያስል ወደ ጠላቶቹ አገር ይወርድ ነበር። ደግሞም ሲራክ በምዕራፍ 38 ቀጥቃጩን በመስፉ አጠገብ ተቀምጦ ያሳየናል፤ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን ያከሳዋል፥ የመዶሻውም ድምፅ ጆሮውን ይመታዋል። በሸንጎ ተቀምጠው የሚፈርዱት እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ያለ እነርሱ ከተማ አትቀናም ይላል።

አሁን ዋጋው በምን እንደሚታወቅ እንይ፤ ነገሩን ሳያውቁ ስለ ነገሩ መፍረድ አይገባምና። መጀመሪያ የሚታየው ክብደቱ ነው። በእንግሊዝ አገር በተሠሩ አሮጌ መስፎች ጎን ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ። ፊተኛው 112 ፓውንድ የሚሆነውን ትልቁን መለኪያ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው የዚያን አራተኛ እጅ፥ ይኸውም 28 ፓውንድ የሚሆነውን፤ ሦስተኛው የተረፈውን ፓውንድ። እንግዲህ 1፥ 2፥ 10 ተብሎ የተቀረጸበት መስፍ 112ና 56ና 10 ተደምሮ 178 ፓውንድ ነው፤ በኪሎም ወደ 81 ይሆናል። ይህን ያልተማረ ሰው አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር ብሎ ያነበዋል፥ ወይም ጭረት መስሎት ዝም ይላል።

ክብደቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ደኅና የሆነው የቀድሞ መስፍ አካሉ ለስላሳ ብረት፥ ፊቱ ግን በእሳት የተገጠመበት ጠንካራ ብረት ነው። ፊቱ ከአካሉ ሳይላቀቅ በደኅና እንደ ተያያዘ የሚታወቀው በድምፁ ነው። በትንሽ መዶሻ ቢመቱት እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ተሰንጥቆ ወይም ፊቱ ተላቆ እንደ ሆነ ግን ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ቀጥሎም ትንሽ የብረት ኳስ ከ10 ጣት ከፍታ ይጥሉበታል፤ 7 ወይም 8 ጣት ያህል ተመልሳ ብትነሣ ፊቱ ጠንካራ ነው፥ 3 ወይም 4 ጣት ብቻ ብትነሣ ግን ለዝቶአል። ሞረድ ቢያስኬዱበት በጠንካራው ፊት ላይ ይንሸራተታል፥ የለዘዘውን ግን ይነክሳል። በብርቱ ቃጠሎ ውስጥ ያለፈ መስፍ ጥንካሬው ይጠፋል፤ በዓይን ለሚያየው ግን ምንም አልሆነም። ከንፈሮቹ መሸራረፋቸውና መካከሉ መጐድጐዱ ደግሞ ለማንም የሚታይ ስለ ሆነ ብዙ አያከራክርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ አገር ፊሸር የሚባሉ ሰዎች የሠሩት መስፍ አካሉ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት፥ ፊቱ ግን ጠንካራ ብረት ነበር። ይህ መስፍ ሲመቱት አይጮህም፤ ቢሆንም እጅግ መልካም ነው። እንግዲህ ድምፅን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው መልካሙን ክፉ ብሎ ይጥለዋል። በሰውም ላይ እንዲህ ስንት ጊዜ ፈርደናል!

የሻጩን ግዴታ በአጭሩ እንናገራለን፤ ነገሩ ግልጥ ነውና። ስንጥቁን በብየዳ ደፍኖ ጥላሸት የቀባው፥ ወይም የመስፉ ድምፅ መታፈኑን እያወቀ ድምፁ የጠፋው በአፈር ላይ ስለ ተቀመጠ ነው ብሎ የሚያታልል ሰው ሌባ ነው። መስፍ በለስላሳ አፈር ላይ ሲቀመጥ ድምፁ መቀነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነት ለሐሰት መሸፈኛ ስትሆን ከሐሰት ትከፋለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ክርስቲያን ግን ዳኛ እስኪጠራው ድረስ አይቈይም፤ ስንጥቁን በጣቱ እያመለከተ ይሸጣል። ይህን ቢያደርግ ዋጋው ይወርድበታል፤ አዎን፥ ይወርድበታል። የዕቃው ዋጋ ያ ነበረና።

ወደ ገዢው ስንመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ብዙ ሰው ኃጢአት በሻጭ ዘንድ ብቻ ያለ ይመስለዋል፥ ገዢ ግን ገንዘቡን ቈጥሮ ስለ ሰጠ ንጹሕ ነው ይላል። ሲራክ በምዕራፍ 27 በመግዛትና በመሸጥ መካከል ኃጢአት እንዴት እንደሚሸጐጥ ሲናገር፥ በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ መካከል የገባ ችንካርን ምሳሌ አድርጎአል፤ ችንካሩ ሁለቱንም ድንጋዮች የነካ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌም ምዕራፍ 20 ቁጥር 14 የተጻፈው ስለ ገዢ ነው፤ ዕቃውን እያቃለለ ይገዛል፥ ዘወር ብሎ ሲሄድ ግን ይመካል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት የባልዋን መስፍ አርብ ቀን ወደ ገበያ አወጣች እንበል። ልጆችዋ ትንንሾች ናቸው፥ ሥራውን የሚይዝላት የለም፥ ክረምቱም ገብቶአል። አሮጌ ብረት እየለቀመ ወደ ከተማ የሚወስድ ነጋዴ መጣ። ቁጥሮቹን አነበበ፥ በጣቱ ቋጠሮ መታው፥ ድምፁንም ሰማ፤ ምን እንደ ሆነ በልቡ ዐወቀ። በአፉ ግን፦ «እናቴ፥ ይህ የዛገ ብረት ነው፤ በኪሎ እንደ ሌላው ቁራጭ ብረት አስቤ ልክፈልሽ፤» አላት። የቁራጭ ብረቱ ዋጋ አንድ እጅ ቢሆን፥ ቀጥቃጭ ሆኖ ለሚሠራበት ሰው ዋጋው አራት ወይም አምስት እጅ ነው እንበል። እርስዋም ደስ ብሎአት ሸጠች።

ነጋዴው በደለ ወይስ አልበደለም? እርሱ ራሱ፦ «አልዋሸሁም፤ ዝገት አለበት፥ ብረትም ነው፤» ይላል። እንዲህ ላለው ሰው መልሱ አጭር ነው፤ የተናገረው እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ፥ ቃላቱ ተያይዘው በልብዋ ያኖሩት አሳብ ሐሰት ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 25 በከረጢት ሁለት ዓይነት ሚዛን መያዝ ተከልክሎአል፤ ይህም ሰው ሁለት ሚዛን ይዞአል፥ አንዱን ለመግዣ፥ አንዱን ለመሸጫ። መመዘኛዎቹ ከድንጋይ ሳይሆን ከቃል የተሠሩ ስለ ሆኑ የገበያ ሹም አያገኛቸውም።

ሁለተኛው መልስ ግን በቀላሉ አይናቅም፤ የተማሩ ወጣቶችም አጥብቀው የሚጠይቁት ይህን ነው። «ዕውቀቴ ገንዘቤ ነው፤ ቁጥሩን ማንበብ፥ ድምፁን መለየት በድካም ተማርሁ። ሐኪም ስለ ዕውቀቱ ይከፈለዋል፤ እኔስ ስለ ምን አይከፈለኝም?» ይላሉ። እውነት ነው፥ ይከፈላቸው። 81 ኪሎ ብረት ከአርብ ገበያ አንሥቶ በነፋስ መውጫ አሳልፎ እስከ ደብረ ታቦር ወይም እስከ ባሕር ዳር የሚያደርስ፥ እስኪሸጥም ድረስ ገንዘቡን የሚያስቀምጥ፥ ቢቀርበትም ኪሳራውን የሚሸከም ሰው ትርፍ ይገባዋል። ሐኪም ግን የሚከፈለው ዕውቀቱን ለበሽተኛው ስለ ሰጠ ነው እንጂ በበሽተኛው ላይ ስለ ሠወረ አይደለም። ነጋዴው ለሴቲቱ፦ «ይህ መልካም መስፍ ነው፥ ማጓጓዣ ይህን ያህል፥ ለድካሜም ይህን ያህል እወስዳለሁ፥ የቀረው የአንቺ ነው፤» ቢላት ዕውቀቱ ለሁለቱም በረከት ይሆን ነበር።

በዚህ ነገር ሁሉ ሰው አንድ አሳብ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ገዢ የዕቃውን ማንነት መሠወር የለበትም፥ ነገር ግን በሌላ ከተማ ስንት እንደሚያወጣ የመናገር ግዴታ የለበትም የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። ባልና ሚስት በጤና ሆነው፥ ጎተራቸው ሞልቶ፥ የማይፈልጉትን ዕቃ ለመሸጥ ቢወጡ ምናልባት ይህ ልዩነት ይበቃ ይሆናል። ለተራበ ሻጭ ግን አይበቃም፤ የተራበ ሰው ዋጋ አይጠራም፥ የራቡ መጠን ይጠራል እንጂ።

በሰሜን አፍሪቃ በሂጶ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ አንድ የሚያውቀውን ሰው ይጠቅሳል። ለዚያ ሰው መጽሐፍ ሊሸጥለት የመጣው ሻጭ የመጽሐፉን ዋጋ ስለማያውቅ ጥቂት ብቻ ጠየቀው። ያ ሰው ግን፥ ሻጩ ሳይጠብቅ፥ ከተጠየቀው እጅግ የሚበልጠውን የሚገባውን ዋጋ ሰጠው። አውግስጢኖስ ይህን ያነሣው ሰው ሁሉ በርካሽ መግዛትና በውድ መሸጥ ይወድዳል የሚለውን አባባል ለመቃወም ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ እንኳ ከተገኘ «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው» ማለት ቀረ። የእኛም ገበያ ሰዎች «የገበያ ወጉ ነው» ሲሉ በዚህ ሰው ፊት ይበሉት።

አሁን ወደ ጥልቁ ነገር ደርሰናል። ይህች ሴት ስለ ምን ወደ ሌላ ገዢ አልሄደችም? በገበያው ብዙ ሰው አለ፤ ገንዘብ ያለውም አይጠፋም። ነገር ግን የቀጥቃጭ ዕቃ ነው ብለው ይሸሹታል። በጎንደርና በጋይንት አገር፥ በሌላውም የአገራችን ክፍል፥ ቀጥቃጭን ቡዳ ነው ማለት፥ ከእርሱ ጋር አለመጋባት፥ በአንድ መሶብ አለመቅረብ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ነው። በሠራው ማረሻ ይታረሳል፥ በሠራው ማጭድ ይታጨዳል፥ እንጀራው ሲቀርብ ግን እርሱ ይራቅ ይባላል። ከዚህም የተነሣ በመስፉ ላይ የሚወጣው ዋጋ ከብረቱ ክብደት ላይ የሰው ንቀት ተቀንሶ የቀረው ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ አፍን ይከለክላል፤ በልብና በኪስ ያለውን ግን ዐዋጅ አያወጣውም። ከእርሳቸው በፊትም ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪሾና የመጡትን የወንጌል መልእክተኞች ከአገሩ ሠራተኞች ጋር አድርገው ብረት አስቀልጠዋል። እነዚያ ሰዎች የመጡት በእጃቸው እየሠሩ ወንጌልን ሊያስተምሩ ነበር፤ ንጉሡ ግን ከሁሉ ይልቅ መድፍ ፈለጉባቸው። ሴባስቶፖል የተባለው፥ ክብደቱ ወደ 70 ኵንታል የሚደርሰው መድፍ በ1859 ዓ.ም. ተሠርቶ፥ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጕልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ ዛሬም በዚያ ተራራ ላይ አለ። በዚያ ዘመን ባለ እጅ በንጉሥ ፊት ተፈለገ፥ ተከበረም፤ ነገር ግን ስለ መድፉ ነው እንጂ ስለ ማረሻው አይደለም። ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ንቀቱ ተመለስን። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ነገር ከነገሥታቱ ይልቅ የምናስወቅሰው እኛ ነን።

ደግሞም ከጎንደር ቀጥቃጮች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል እንደ ነበሩ፥ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሆነው ወደ እስራኤል አገር እንደ ሄዱ ይታወቃል። አገሩን ለቅቆ የሚሄድ ሰው መስፍ ተሸክሞ አይሄድም። ይህን ገዢ ያውቃል፤ ቀኑ እስኪደርስ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ገዢም በየአገሩ አለ። እንዲህ አድርጎ የገዛ ሰው፦ «እኔ ማንንም ቡዳ ብዬ አልተሳደብሁም፤» ይል ይሆናል። አልተሳደበም፤ ነገር ግን ሌሎች የተሳደቡትን ስድብ ዋጋውን ተቀበለ። ጌታችን ራሱ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጸራቢ ተብሎ በሥራው እንደ ተናቀ የሚያነብ ክርስቲያን፥ ከዚህ ንቀት ትርፍ ሲያገኝ ምን ይሰማዋል?

በዘዳግም ምዕራፍ 24 ወፍጮንና መጁን በመያዣ መውሰድ ተከልክሎአል፤ የሰውን ነፍስ በመያዣ መውሰድ ነውና። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችንም ባለ ዕዳ የሚኖርበትን የሥራ መሣሪያ ከመያዝ ይጠብቀዋል። መስፍ ለቀጥቃጭ እንደ ወፍጮው ነው። ስለዚህ በሕይወት ያለ ቀጥቃጭ በጭንቀት መስፉን ሊሸጥ ቢመጣ፥ የሚሻለው ከእርሱ መግዛት ሳይሆን ማበደር ነው። መስፉን የገዛበት ሰው ማጭዱን የሚያስልበትንም አጣ።

ምናልባት አንባቢው፦ «እሺ፥ ምን እናድርግ?» ይል ይሆናል። መስፍ የሚሸጥላት ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለው ተማሪ ቁጥሩን ያንብብላት፤ ትምህርቱ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሆነ? ከገዢው ወገን ያልሆነ፥ ከስማዳ ወይም ከላይ ጋይንት የመጣ ሌላ ቀጥቃጭ በመዶሻው መትቶ ይገምትላት፤ ለድካሙም ይከፈለው። ዕቃውም ቢቻል ለሚሠራበት ሰው ይሸጥ። በአዲስ አበባ በመርካቶ በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ሁሉ እየተቀጠቀጠ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ይህም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ደኅና መስፍን እንደ ቁራጭ ብረት ወስዶ መቍረጥ፥ በድንጋይ ላይ ብረት የሚመታ ወጣት በአገሩ ሳለ፥ ያሳዝናል። ያ ወጣት ሁሉን በአንድ ጊዜ መክፈል ባይችል፥ እኩሌታውን አሁን፥ እኩሌታውን እህል ሲገባ ይክፈል፤ ዋስም ይጥራ። ሴቲቱ በዚህ መንገድ ከነጋዴው አንድ እጅ ይልቅ ሦስት ወይም አራት እጅ ታገኛለች፥ አገሩም ቀጥቃጭ ያገኛል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶአል። ገዢው በቅን ልብ፥ እርሱም ሳያውቅ፥ በቁራጭ ብረት ዋጋ ገዝቶ ወደ ቤቱ ከወሰደ በኋላ ዝገቱን ሲጠርግ ቁጥሮቹ ቢወጡለት፥ ድምፁንም ቢሰማ፥ ምን ያድርግ? አንዳንዶች ሽያጩ አልቆአል፥ ዕድሉ ነው ይላሉ፤ በሕግም ቢሆን ማንም አይከሰው ይሆናል። እኔ ግን ከትርፉ ሊካፈላት ይገባል እላለሁ፤ በገዛበት ጊዜ ያላወቀው ነገር ኃጢአት አልሆነበትም፥ ዐውቆ ዝም ያለበት ቀን ግን ዛሬ ነው። ሰውዮው፦ «ከወዴት አገኛታለሁ?» ይል ይሆናል። አርብ ገበያ በየሳምንቱ አርብ ይቆማል፤ ሴቲቱም ጨው ልትገዛ ትመጣለች።